ጫማውን በእጁ ይዞ ስለሚያልፈው ሰልፋችን፣ ለክቡር ከንቲባ

ለክቡር አቶ ፖሊክሮኒስ ቫርዳላኮስ፤
የፓሊያስካላ ከተማ ከንቲባ፣ የአዲሱ የባሕር ዳር መናፈሻ መሥራች፣ እንዲሁም «ሰልፋችን፦ ታሪኩና ክብሩ» የተሰኘው ባለቀለም መጽሐፍ ደራሲ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን አለ? ቤተሰብዎ፣ በተለይም የተከበሩት እናትዎ ወይዘሮ አርጊሮ እንደምን ሰነበቱ? ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደግሞ እግርዎ እንዴት ነው? በኦክቶበር መጨረሻ የመንገዳችን ድንጋይ እንደማይቀለድበት ስለማውቅ፣ ብርድ ገብቶብዎት እንዳይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። እግርዎን ለምን እንደምጠይቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ሌላው አንባቢ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከታገሠኝ ይደርስበታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራ አጥቼ እንዳይመስልዎ። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉትና በከተማችን ጋዜጣ ያሳተሙት ማስታወቂያ «በእምቢታ በዓል ዕለት በከተማው ሰልፍ ላይ ለደረሰው ውርደት ተጠያቂ የሆኑ ግለሰቦች በአደባባይ ማብራሪያ ይስጡ» ስለሚል፣ ከግለሰቦቹም መካከል የእኔን ስም በመጀመሪያ፣ ያውም በደማቅ ቀለም ስላሰፈሩልኝ ነው። ለዚህ ክብር እግዜር ይስጥልኝ። የዚህን ከተማ ልጆች ለሰልፍ ሳሠለጥን፣ ግራና ቀኛቸውን ሳስለይ፣ በፊሽካ ጉሮሮዬን ስጨርስ የኖርኩ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ በጡረታ ስሰናበት ግን ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሰው እንኳ «ደህና ሁኚ» ሊለኝ አልመጣም። አሁን ከተማው ሁሉ ስሜን ቆሞ ያነበዋል። በአደባባይ አብራሪ ስላሉኝም፣ ታዛዥ ዜጋ ነኝና በአደባባይ አብራራለሁ።

አንደኛ፤ መጽሐፍዎን በሚመለከት።

መጽሐፍዎ ደርሶኝ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ወረቀቱ ያበራል፤ የእርስዎም ፎቶዎች እንዲሁ። የሰልፋችንን ታሪክ ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ከንቲባውን ሪባን ሲቆርጡ፣ ከንቲባውን ሕፃን ሲስሙ፣ ከንቲባውን ወደ ባሕሩ አሻግረው ሲያዩ ደጋግሞ ይመለከታል፤ ባሕሩ ምን እንዳደረገዎት ግን አልተገለጸም። ይህን ሁሉ በደስታ አልፌው ሳበቃ፣ ሰልፋችን ወደ ላይኛው መንገድ ሲገባ ለምን ከበሮውን እንደሚያቆምና ለምን ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ በጣቱ ጫፍ እንደሚራመድ ያብራሩበት ገጽ ላይ ደረስኩ። እንዲህ ይላሉ፦ «ይህ ጥንታዊ ልማድ፣ አያቴ ኮስማስ ቫርዳላኮስ ጠላትን በድንገት ከበው የማረኩበትን ጀግንነት ለመዘከር የሚደረግ ወታደራዊ ትርኢት ነው።»

ክቡር ከንቲባ፣ ጽሑፉ ያምራል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ የመጀመሪያው ዝምተኛ ሰልፍ የተካሄደው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያን ቀን በፓሊያስካላ የሚከበብ ጠላት አልነበረም። የነበረችው አንዲት የተኛች ሴት ናት።

ይህን የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እርስዎ መጽሐፉን ሲጽፉ ማንንም ስላልጠየቁ፣ ለእርስዎም፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡትም ስል እዚሁ ልድገመው። ሴትዮዋ ማሪጎ ትባላለች፤ በላይኛው መንገድ መካከል፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤት መረብ እየጠገነች የምትኖር ነበረች። ልጇ ስትራቶስ ጣሊያን አገራችንን «እጅ ስጡ» ባለና መንግሥታችን «እምቢ» ባለ ጊዜ፣ ከዘመቱት ጋር ወደ አልባኒያ ተራራ ዘመተ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ማሪጎ ጦርነቱን ሁሉ፣ ረሃቡንም ሁሉ በመስኮቷ ሥር ቁጭ ብላ አሳለፈችው፤ በድንጋዩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ድመት ስታልፍ እንኳ «ስትራቶስ?» ትላለች። አልጋ ላይ መተኛት ትታ ነበር፤ ብተኛ ሲመጣ አልሰማውም ብላ ነው።

ጦርነቱ አልቆ ከተማው የመጀመሪያውን የበዓል ሰልፍ ሊወጣ ሲሰናዳ፣ በዋዜማው አንድ በቅሎ ነጂ ከተራራው አገር መጣ። ስትራቶስን በገዛ እጁ የቀበረው እርሱ ነበር። ማሪጎ አላለቀሰችም። «አፈሩ ጥልቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ጥልቅ ነበር፣ እማማ» አላት። በማግሥቱ ጠዋት፣ ከተማው ሁሉ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ባንዲራውን ሲያነሣ፣ እርሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ተኛች። የምትጠብቀው ኮቴ አልነበረምና።

ሰልፉ በከበሮና በመለከት ወደ ላይኛው መንገድ ሲገባ፣ ትንሿ ልጇ ስታማቲያ ከሰማያዊው በር ወጥታ መንገዱ መካከል ቆመች፤ ሌባ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ» አለች፤ «እናቴ ተኝታለች።» ከፊት የነበሩት ቄስ የማሪጎን ነገር ያውቁ ስለነበር እጃቸውን አነሡ፤ ከበሮውም ቆመ። እነሆ ክቡር ከንቲባ፣ ወታደራዊው ትርኢት ይህ ነው። አዛዡም ገና የወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ ነበረች።

ሁለተኛ፤ የአያትዎን ድርሻ በሚመለከት።

አያትዎ ከታሪኩ ይሰረዙ እያልኩ እንዳይመስልዎ። ይህ ግፍ ይሆናል፤ ያለ እርሳቸው ሰልፋችን እንዲህ ባለ ግርማ ባልደመቀ ነበርና። ከበሮው ቆሞ፣ መለከቱ ቆሞ፣ ሕዝቡ በቀስታ መራመድ ሲጀምር አንድ ድምፅ ብቻ አልቆመም፤ የአያትዎ አዲስ ቡትስ ጫማ ነበር። በዚያ ሰው ሁሉ የተጣፈ በሚለብስበት ዘመን ከየት እንዳመጡት ማንም በአደባባይ አልጠየቃቸውም፤ እኔም ዛሬ አልጠይቅም። ብቻ ጫማው በየእርምጃው ሲጥ፣ ሲጥ ይል ነበር አሉ። አንዲት ጎረቤት ወደ እርሳቸው ቀርባ በሹክሹክታ «አውልቅ፣ ኮስማ» አለቻቸው።

«በበዓል ቀን? በባዶ እግሬ? ሰልፈኞች ነን ወይስ ሌቦች?» አሉ አያትዎ።

«አውልቅ ስልህ! የእሷ ልጅ በበረዶ ላይ ጫማ ነበረው መሰለህ?»

አያትዎ አወለቁ። ፊታቸውም በኀፍረት ቲማቲም መሰለ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ፣ የፓሊያስካላ ሰው በክፉ ቀን የሚያደርገውን ያደረገው፦ አንድ ሰው ብቻውን እንዳያፍር ብሎ ቄሱ ጎንበስ አሉና ጫማቸውን ፈቱ፤ ቀጥሎ ባንዲራ ያዡ፣ ቀጥሎም ሁሉም። ሰልፉ ጫማውን በእጁ ይዞ በማሪጎ ደጅ አለፈ፤ እርሷም አልነቃችም። በዓመቱ ነቅታ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ መንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ ያለ ትእዛዝ ጎንበስ ሲል አይታ «ነቅቻለሁ እኮ! አድርጉ ጫማችሁን፣ ብርድ ይመታችኋል!» ብላ ብትለምን የሚሰማት አላገኘችም። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ እኛ ደረሰ። ስለዚህ የቤተሰብዎ ስም በሰልፋችን ታሪክ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፤ በጀግንነት በኩል ሳይሆን በጫማ በኩል ይሁን እንጂ። ለሁለተኛው እትም ይህን እንዲያስገቡት በትሕትና አሳስባለሁ፤ ለፎቶ ከቸገረዎት ደግሞ የእርስዎን ጫማ ማንሣት ይቻላል።

ሦስተኛ፤ የመንገዱን መቀየር በሚመለከት።

ዘንድሮ ሰልፉ ወደ ላይኛው መንገድ እንዳይገባና በቀጥታ ወደ አዲሱ መናፈሻ እንዲወርድ ሲወስኑ የሰጧቸው ምክንያቶች ሁሉም ልብ የሚነኩ ነበሩ። ባዶ እግር የድህነት ምልክት ነው አሉ። እንግዶች ይስቁብናል አሉ። የልጆቹ ጤና ያሳስበኛል አሉ፤ ይህን ያሉትም የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሦስተኛ ክረምቱን እያፈሰሰ ባለበት ጊዜ ስለሆነ ርኅራኄዎ ይበልጥ ደምቆ ታየኝ። ከዋናው ከተማ ለሚመጡት ትልቅ እንግዳም መድረክ፣ ቀይ ምንጣፍና የቤት ቁም ሣጥን የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች እንደሚዘጋጁ አበሠሩን።

እኔ ግን ያን ሰሞን ቢሮዎ የመጣሁት ስለ ጣሪያውም ሆነ ስለ ምንጣፉ አልነበረም። ያቺ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገች ልጅ፣ እማማ ስታማቲያ፣ ዛሬም በዚያው ቤት አለች። በየዓመቱ በሰማያዊው በር ወጥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግ ነበር፤ ጉልበቷ ሲከዳት ደግሞ በረንዳዋ ላይ ወንበሯን አስጠግታ ከዚያው ሆና ታደርጋለች። ከዚህ በጋ ጀምሮ ልቧ ታሞ እንቅልፍ በዓይኗ ዞሮ አያውቅም፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ተቀምጣ ታነጋለች። ሐኪሟም ለከርሞው በዓል ትደርሳለች ብሎ እንደማይጠብቅ አልደበቀንም። የመንገዱን መቀየር ስትሰማ እጄን ያዘችና ወደ እርስዎ ላከችኝ። «ንገሪው» አለችኝ፤ «ጩኸት ሁሉም ቦታ አለ። ከተማ ሙሉ ሰው ለእናቴ ብሎ ዝም ሲል ግን የምሰማው እዚህ ብቻ ነው። ዘንድሮን ብቻ ይተውልኝ። ከሞትኩ በኋላ እንደ ፍጥርጥሩ።»

ይህን መልእክት ቃል ሳላጎድል አደረስኩልዎ። የሰጡኝንም መልስ ቃል ሳላጎድል እነሆ፦ «ወይዘሮ ኤቫንቲያ፣ አንዲት አሮጊት ትተኛ ተብሎ ከተማ በባዶ እግሩ አይሄድም። ከፈለጉ መናፈሻው ላይ ወንበር እናስቀምጥላቸዋለን፤ ሦስተኛው ረድፍ።» እግዜር ይስጥልኝ። ከበረንዳዋ ወርዳ ሽንት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰው የሚደግፋት ሴት፣ ለሦስተኛው ረድፍ በመታጨቷ ምን ያህል እንደተጽናናች መገመት አያዳግትዎትም። መልስዎን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያን ቀን ክቡር ከንቲባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጠላሁዎ።

አራተኛ፤ «ውርደት» ያሉትን በሚመለከት።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ለልጆቹ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አዲሶቹ መምህራን እንደ ልማዳቸው ለልምምድ እገዛ ጠርተውኝ ነበር፤ ልጆቹንም በትእዛዝዎ መሠረት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው የሾላው ዛፍ ያለበት መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ መናፈሻው እንዲታጠፉ አለማመድኳቸው። ተለማመዱ። ወደ ቀኝ መታጠፍ ያቃተው አንድ ልጅ አልነበረም። በበዓሉ ጠዋትም የአበባ ጉንጉኑ ከተቀመጠ በኋላ ሰልፉ በከበሮ ወረደ፤ እኔም ፊሽካዬን በአፌ ይዤ ዳር ዳሩን ሄድኩ። የግራውን መንገድ በገመድ አጥረው አንድ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛም አቁመው ነበር።

ባንዲራውን የያዘችው የዘንድሮዋ ጎበዝ ተማሪ ኔፌሊ ነበረች። መንታው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ወደ ግራ ጣል አደረገች፤ ማን አያደርግም? እማማ ስታማቲያ በረንዳዋ ላይ ነበረች። ጣቷ ግን ከንፈሯ ላይ አልነበረም። አንገቷ ወደ ደረቷ ዘንበል ብሏል፤ ብርድ ልብሷ ከጉልበቷ ሸርተት ብሏል፤ እጇ ከወንበሩ ወርዶ ተንጠልጥሏል። እኔ ሳያት የፈራነው ደረሰ ብዬ ነበር። ከዚያ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ተኝታለች። በጋውን ሁሉ ያላሸለበች ሴት፣ ለመስማት የፈለገችውን ቀን ስትጠብቅ እንቅልፍ ወስዷታል።

ኔፌሊ ቆመች። ባንዲራውን ከኋላዋ ላለችው ልጅ አቀብላ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ክር ፈታች። ከበሮ መቺው ይህን አይቶ በትሮቹን ብብቱ ሥር ወሸቃቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ ሰልፉ ከፊት እስከ ኋላ ረድፍ በረድፍ ጎንበስ አለ። ዘበኛዎ ግዴታውን እንዳልዘነጋ ልመስክርለት፤ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ ነው!» እያለ ተከላክሏል፤ ነገር ግን በሹክሹክታ ስለነበር የሚያስፈራ አልሆነም። ኋላም ገመዱን ራሱ ከፍ አድርጎ ያዘላቸው፤ ባንዲራው እንዳይነካ ብሎ ነው።

ኔፌሊን በኋላ «ማን አዘዘሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማንም» አለችኝ፤ «ተኝታ ነበር እኮ።» እንግዲህ ክቡር ከንቲባ፣ ተጠያቂውን ለማግኘት ከፈለጉ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ ቢሉ ጥሩ ነው። አገራችን በዓመት አንድ ቀን በዓል የምታከብረው «እምቢ» ላለ ሰው ነው። ልጆቹን ሴፕቴምበር ከጀመረ አንስቶ ስለ እምቢታ ግጥም እያስጠናን፣ ስለ እምቢታ እያዘመርን፣ እምቢ ማለት ያኮራል እያልን ከረምን። አሁን ሲገባቸው ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው ነው።

አምስተኛ፤ የድምፅ ማጉያውን በሚመለከት።

«ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች የድምፅ ማጉያውን ገመድ በመንቀል የማበላሸት ተግባር ፈጽመዋል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ልጆቹ በጣታቸው ጫፍ ሲራመዱ ከታች ከመናፈሻው የወታደር ዘፈን እየተንደቀደቀ ይመጣ ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሁላችንም ዓይናችንን በረንዳው ላይ ተክለን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። እጃቸውን ይባርክላቸው ብዬ የመረቅኳቸው ሰው ማን እንደሆኑ ያወቅኩት በምሳው ሰዓት ነው። ትልቁ እንግዳዎ ናቸው። በክብር ወንበር ስም ማጉያው አፍ ላይ አስቀምጠዋቸው ስለነበር፣ የሚመጣ ሰልፍ ሲጠፋ ጎንበስ ብለው ገመዱን ነቀሉት። የተጠበሰውን ትንንሽ ዓሣ በሎሚ እየበሉ «ጆሮዬን ሊያፈርጠው እኮ ነው!» ሲሉ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ክስ ለመመሥረት ካሰቡ ምስክር ሞልቶልዎታል።

ስድስተኛ፤ የእርስዎን ተሳትፎ በሚመለከት።

ማስታወቂያዎ ስለዚህ ምንም አለማለቱ ትሕትናዎን ያሳያል፤ እኔ ግን ልደብቀው አልችልም። መድረኩ ላይ ቆመው ቆመው ሰልፉ ሲቀር፣ ከረባትዎን እየነካኩ ወደ ላይኛው መንገድ ሲሮጡ መጡ። መምጣትዎን ያወቅነው ሳናይዎ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የበዓል ጫማዎ ሲጥ፣ ሲጥ እንደሚል ምናልባት ማንም ነግሮዎት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱማ በዝምታ አማተበ።

በሰልፉ ጭራ የነበሩት፣ ጥቁር ጫማቸውን በአንድ እጅ፣ ሻማቸውን በሌላ እጅ የያዙት እናትዎ ወይዘሮ አርጊሮ ነበሩ። ዞር አሉና ሻማውን ለጎረቤታቸው አቀብለው ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«አውልቅ፣ ፖሊክሮኒ» አሉዎት።

«እማዬ፣ እንግዳው…»

«እንግዳው ይጠብቅ። አውልቅ ልጄ፤ ተኝታለች።»

አወለቁ። በካልሲዎ ቆመው ቀና ብለው በረንዳውን አዩ። እኔ ደግሞ እርስዎን አየሁ፤ እዚህ ላይ ምፀቴን ለአፍታ ልተወው። ያን ጊዜ ፊትዎ የከንቲባ ፊት አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላዎ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ወድቀው ጉልበትዎን ሳስርልዎት የነበረዎት ፊት ነበር። ከእናትዎ አጠገብ፣ ክንዳቸውን ደግፈው፣ በጣትዎ ጫፍ እስከ መንገዱ መጨረሻ ሄዱ። ማንም አልሳቀብዎትም። ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ስለነበር አንድ ሰው ብቻውን አላፈረም፤ ልማዱ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በሦስተኛው ቀን «ውርደት» ብለው ጽፈው ሳነብ፣ ያዘንኩት በከንቲባው ሳይሆን በዚያ ልጅ ነው።

እንግዲህ ማብራሪያዬ ይኸው ነው። ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። መናፈሻውን አመሰግናለሁ፤ ባዶውን ሲታይ እጅግ ሰፊ ነው። ቀዩን ምንጣፍ አመሰግናለሁ፤ የወደቡ ድመቶች ምቾቱን መስክረዋል። መጽሐፉንም አመሰግናለሁ፤ የበረንዳችን ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበር። በማስታወቂያው መጨረሻ «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ማንኛውም ሰልፍ ወደ ላይኛው መንገድ እንዳይገባ ተከልክሏል» ያሉትን ግን ቢያነሡት እመክርዎታለሁ። የዚህን ከተማ ሕዝብ በዚያች ቀን አንድ ነገር መከልከል ምን እንደሚያስከትል አይተዋል።

ለመሆኑ እማማ ስታማቲያስ ብለው እንደማይጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ግን ልንገርዎ። ፀሐይ ከበረንዳዋ እስክትዞር ድረስ ተኛች። ስትነቃ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር።

«አለፉ?» አለችኝ።

«አልፈዋል» አልኳት፤ እንዴት እንደማጽናናት እያሰብኩ።

«አልሰማኋቸውም» አለች። ከዚያ ፊቷ በፈገግታ ተሞላ። «እንግዲያው በደንብ አልፈዋል ማለት ነው።»

የአገልግሎት ዘመንዎን እግዚአብሔር እንደ ሥራዎ እንዲያደርግልዎ እየተመኘሁ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የመጀመሪያዋ፣ በዝርዝሩም ላይ ስሟ እንዲቆይ የምትለምን፣

የቀድሞ አሠልጣኝዎ፣
ኤቫንቲያ ካላፋቲ
ከላይኛው መንገድ

የተረሳ ነገር፦ በዚያን ቀን ከመንገዱ ሲወጡ በጥድፊያ ጫማዎን ሳይዙ ሄደዋል። በእማማ ስታማቲያ ደጃፍ፣ የድንጋዩ አጥር ላይ ጫማዎችዎ በክብር ተቀምጠዋል፤ ሊሰርቃቸው የሞከረ የለም፤ ቢሰርቃቸውም የት እንደደረሰ እንሰማዋለን። በፈለጉት ቀን መጥተው መውሰድ ይችላሉ። ብቻ ከበዓሉ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እየወሰዳት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ከመጡ አደራዎን እዚያው እንዳያጠልቋቸው፤ መንገዱን እስኪጨርሱ ድረስ በእጅዎ ይያዟቸው።